ገዝቶ ከመቆለፍ ሠርቶ መማር



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ መልካም ጠባይ የተጻፉ ብዙ ጽሑፎች ስናነብ ኖረናል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ይኸውም በሮቦት ክበባችን ውስጥ ሸክም ወደ ላይ ለማንሣት የምንጠቀምበት ተንሸራታች ሐዲድ ነው። ነገሩ ለብዙ ሰው ተራ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን በዚህ ትንሽ ዕቃ ምክንያት በትምህርት ቤታችን ውስጥ ትልቅ ጥያቄ ተነሥቷል። ወላጆቻችን ለክበቡ ባዋጡት ገንዘብ በሚመጣው ዓመት ከውጭ አገር ተሠርቶ የሚመጣ ሁለተኛ ማንሻ ይገዛበት? ወይስ ማንሻውን ራሳችን የምንሠራበት መሣሪያ ይገዛበት? በበኩሌ የምደግፈው ሁለተኛውን ሐሳብ ነው። እኔ በዚህ ዓመት የ12ኛ ክፍልን ጨርሼ ስለምሄድ ውሳኔው ለራሴ የሚያመጣልኝ ጥቅም የለም፤ የሚነካው ከኋላዬ የሚመጡትን ነው። ስለዚህ ምክንያቴን በሚገባ ማስረዳት አለብኝ።

በመጀመሪያ ተንሸራታች ሐዲድ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ልግለጽ። በየቤታችን ያለው የቁም ሣጥን መሳቢያ ሲሳብና ሲመለስ በግራና በቀኝ ባለው ሐዲድ ላይ ይሄዳል። የሚኒባስ ታክሲ በርም ረዳቱ ጎትቶ ሲዘጋው የሚሄደው በሐዲድ ላይ ነው። የእሳት አደጋ መኪና መሰላል ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ ተጣጥፎ ይጓዝና እሳቱ ካለበት ፎቅ ሥር ሲደርስ ይረዝማል። ሦስቱም አንድ ጠባይ አላቸው። በአንድ መሥመር ብቻ እንዲሄዱ ተፈቅዶላቸው ወደ ሌላው አቅጣጫ ሁሉ ተከልክለዋል።

ይህ ነገር ለሮቦት የሚያስፈልገው ስለ ምን እንደ ሆነ ደግሞ እንመልከት። ዲን ኬመን የተባለው አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው ፈርስት የተባለውን ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. ካቋቋመ ወዲህ የተማሪዎች የሮቦት ውድድር በብዙ አገር ተስፋፍቷል። ከድርጅቱ ውድድሮች አንዱ ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ ይባላል። በዚህ ውድድር ሮቦቱ ጨዋታው ሲጀመር ጎኑ ሁሉ 18 ኢንች፥ ማለት ወደ 46 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሣጥን ልክ ውስጥ መግባት አለበት። ከተጀመረ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ዕቃ አንሥቶ ከራሱ ቁመት በላይ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ማኖር ይጠየቃል። ስለዚህ ሲነሣ አጭር፥ ሲሠራ ረጅም የሚሆን ክንድ ያሻዋል። እኛም በክበባችን ስንለማመድ ይህንኑ ልክ ይዘን እንሠራለን።

ከውጭ አገር የሚመጣው ማንሻ ጥሩ ዕቃ መሆኑን አልክድም። ቀዳዳው በልኩ ተበስቷል፤ ብሎኑ ተቆጥሮ በከረጢት ይመጣል፤ የአሠራሩም መግለጫ አብሮት አለ። ነገር ግን ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ስለ ሆነ አንድ ከገባ ሁለተኛውን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ምትክ የሌለው ዕቃ ደግሞ ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን። ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ይቆለፍበታል፤ እንግዳ ሲመጣ ይወጣል፤ እንግዳው ሲሄድ ይመለሳል። ባለፉት ሁለት ዓመታት በክበባችን ያለውን የተገዛ ማንሻ በእጃቸው ፈተው መልሰው የገጠሙት በጣት የሚቆጠሩ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የ9ኛ ክፍል ልጆች ከኋላ ቆመው ይመለከታሉ፤ እጃቸውን ሲዘረጉም «እንዳትነኩት» ይባላሉ። ይህን ማለቴ ቁልፉን የያዘውን ሰው ለመውቀስ አይደለም፤ በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም እቆልፍ ነበር። ውድ ዕቃ በባሕርዩ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ርካሽ ዕቃ ግን ሠራተኛ ይፈልጋል።

ዘንድሮ ስድስት ተማሪዎች ሆነን አንድ ማንሻ ከመሳቢያ ሐዲድ ሠርተናል። ገንዘቡን ያዋጣነው ራሳችን ስንሆን ሐዲዱን፥ ብሎኑንና ሲባጎውን ገዝተንበት ተርፎናል። አሠራሩን እዚህ የምዘረዝረው ለመመጻደቅ ሳይሆን በሚመጣው ዓመት ሌላ ሰው አንብቦ እንዲሠራው ስለምፈልግ ነው።

የመሳቢያ ሐዲድ በመርካቶም ሆነ የቤት ዕቃ መሥሪያ ባለበት ሰፈር ይገኛል። ለሥራችን የሚሆነው ሦስት ብረቶች አንዱ በሌላው ውስጥ የሚሄዱበትና በመካከላቸው ትንንሽ የብረት ኳሶች ያሉበት ዓይነት ነው። ይህ ዓይነቱ ሐዲድ የራሱን ርዝመት ያህል ይከፈታል። በፕላስቲክ ጎማ የሚሄደው ነጩ ሐዲድ ግን ሙሉ በሙሉ ስለማይከፈትና ቀና ሲደረግ ከመንገዱ ስለሚወጣ አይሆንም። እኛ የመረጥነው በሣጥኑ ልክ ውስጥ ቆሞ እንዲገባ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ነው። በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ሐዲድ ወስደን፥ የሁለተኛውን የውጭ ብረት በአንደኛው የውስጥ ብረት ላይ በብሎንና በዳዶ አሰርን። እያንዳንዱ ሐዲድ 35 ሳንቲ ሜትር መከፈት ቢችልም 30 ላይ እንዲቆም አገድነው፤ እስከ ጫፉ የተከፈተ ሐዲድ ይወላገዳልና። እንግዲህ ተዘግቶ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነው ማንሻ ሲከፈት 95 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፥ በሐዲዱ ውስጥ መሳቢያውን ከሣጥኑ ለማላቀቅ የተሠራ ጥቁር የፕላስቲክ ምላስ አለ። እርሱ በሚገባ ካልታሰረ ሮቦቱ ሲንገጫገጭ ሐዲዱ ለሁለት ይለያያል። ሁለተኛ፥ መሳቢያው ሲዘጋ ይዞ እንዲያስቀር የተደረገ ትንሽ መያዣ ጎማ አለ። እርሱን ማውጣት ይገባል፤ አለዚያ ሞተሩ ገና ሲነሣ ይታገላል። ሦስተኛ፥ በግራና በቀኝ ሐዲድ መካከል ያለው ርቀት ከታች እስከ ላይ እኩል መሆን አለበት። ለዚህ አናጢዎች የሚያደርጉትን አደረግን። በልክ የተቆረጠ አንድ እንጨት በሁለቱ መካከል ከታችም ከላይም እያስገባን፥ በሞላላው ቀዳዳ በኩል ብቻ አላልተን አሰርን። ማንሻውን ደጋግመን ከፍተን ከዘጋነውና ያለ ችግር መሄዱን ካየን በኋላ በክቡ ቀዳዳ አጠበቅነው።

ሐዲዱን ወደ ላይ የሚጎትተው በሞተሩ መጠቅለያ ላይ የሚጠቀለል የናይለን ሲባጎ ነው። ሲባጎውን ለመዘርጋት ሁለት መንገድ አለ። በመጀመሪያው መንገድ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ሲባጎ ይኖረውና የታችኛው ሲወጣ የላይኛውን ይስባል። የታችኛው 30 ሳንቲ ሜትር ሲሄድ ጫፉ 60 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ሞተሩም የሚጠቀልለው 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን 1 ኪሎ ሸክም ለሞተሩ 2 ኪሎ ሆኖ ይከብደዋል፤ የሐዲዶቹ ክብደትና ሰበቃ ሳይጨመር ማለት ነው። በሁለተኛው መንገድ አንድ ሲባጎ በፑሌጃዎች ላይ እየዞረ ሁሉንም ደረጃ ያዳርሳል። ያን ጊዜ ሸክሙ 1 ኪሎ ሆኖ ይቆያል፤ ሞተሩ ግን 60 ሳንቲ ሜትር መጠቅለል አለበት። በኀይል የተቆጠበው በርዝመት ይከፈላል። የመጠቅለያችን ስፋት ከመካከሉ እስከ ዳሩ 2 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ በመጀመሪያው መንገድ ሁለት ዙር ተኩል ያህል፥ በሁለተኛው አምስት ዙር ያህል ይዞራል። በፊዚክስ ትምህርት ሥራ ማለት ኀይል በርቀት ሲባዛ ነው ተብለን ስንማር ብዙዎቻችን ለፈተና ብለን በቃላችን ይዘነው ነበር። እዚህ ግን ሁለቱንም መንገድ ዘርግተን በእጃችን ስንጎትት ክንዳችን ራሱ ነገረን።

ከዚህም የበለጠ ያስተማረን ሁለተኛው ሙከራ ነው። የአሉሚኒየም በርና መስኮት ከሚሠራ ቤት ባለ ቦይ ቁርጥራጭ ፕሮፋይል ለምነን አመጣን። በቦዩ ውስጥ የሚሄደውን ተንሸራታች ከፕላስቲክ የሽንኩርት መክተፊያ በሴጌቶ ቆርጠን በሞረድ አስተካከልነው። ሰበቃውን ለማወቅ ፕሮፋይሉን ቀስ እያልን አዘነበልነው። ተንሸራታቹ በራሱ መውረድ የጀመረው ወደ 14 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ይህም የሰበቃው ልክ 0.25 ገደማ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለማወዳደር ብለን 4፥ 6 እና 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሦስት ተንሸራታቾች ሠራን። በእያንዳንዱም ላይ ሸክሙን ከሐዲዱ 12 ሳንቲ ሜትር አርቀን ሰቀልን።

የ10 ሳንቲ ሜትሩ ወጣ፤ ሲባጎው ሲለቀቅም ወረደ። የ6 ሳንቲ ሜትሩ አንዳንድ ጊዜ ይወርዳል፥ አንዳንድ ጊዜ ይቆማል። የ4 ሳንቲ ሜትሩ ግን እየታገለ ከወጣ በኋላ ሲባጎው ላልቶ ተንጠልጥሎ ሳለ እርሱ ከላይ ተነክሶ ቀረ። ሸክም ብንጨምርበትም አልወረደም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ርቆ የተሰቀለው ሸክም ተንሸራታቹን ያጋድለዋል፤ ከላይ በአንድ በኩል፥ ከታች በሌላው በኩል ከቦዩ ጋር ይጣበቃል። ተንሸራታቹ ባጠረ ቁጥር የሚጫንበት ኀይል ይበዛል፤ ሰበቃውም እንደዚያው ይጨምራል። በሒሳብ ስንሠራው የሸክሙ ርቀት ከተንሸራታቹ ርዝመት ሁለት እጥፍ ሲበልጥ በ0.25 ሰበቃ ጭራሽ አይወርድም። የ6 ሳንቲ ሜትሩ ከድንበሩ ላይ ስለ ነበረ አመነታ። ክብደት መጨመር ያልረዳውም ወደ ታች የሚስበውና የሚያጣብቀው ኀይል እኩል ስለሚያድጉ ነው። በአንድ ጫፉ ብቻ ሲጎተት የሚነክሰው የድሮ መሳቢያም ችግሩ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ይህን ሁሉ ከተገዛው ማንሻ ልንማረው አንችልም ነበር። የተገዛውን የሠራው ሰው ይህን ችግር አስቀድሞ አስቦ ጨርሶታል። ዕውቀቱ በእርሱ ዘንድ ቀርቶ ለእኛ የመጣው ብረቱ ብቻ ነው። ደግሞም ከ500 ጊዜ በላይ ስለ ሰበቃ ከማንበብ ተነክሶ የቀረ አንድ ተንሸራታች በእጅ ይዞ መመልከት ይበልጣል። ያ ተንሸራታች ግን ሊነክስ የሚፈቀድለት ርካሽ በመሆኑ ነው። ማንም የባለ ብዙ ዶላር ዕቃ ለሙከራ ብሎ አጭር አድርጎ አይቆርጥም።

አሁን በሐሳቤ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች ልመልከት። አንዳንዶች «ርካሽ ነገር ሁለት ጊዜ ይገዛል» ይላሉ። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። የእኛ ማንሻ ብረት ስለ ሆነ ከተገዛው የአሉሚኒየም ማንሻ ይከብዳል፤ ሙሉ በሙሉ ሲከፈትም ጫፉ ይወላገዳል። የክበቡ ዓላማ ዋንጫ ማምጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ የተገዛው ሳይሻል አይቀርም እል ነበር። እኔ ግን የክበቡ ዓላማ መሥራት የሚችል ሰው ማውጣት ነው ብዬ አምናለሁ። ያም ሆኖ ዕቃ ብቻውን ዋንጫ አያመጣም። ፈርስት ግሎባል የተባለው ዓለም አቀፍ ውድድር በ2017 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ሲጀመር ለየአገሩ ቡድን የተሰጠው የዕቃ ሣጥን አንድ ዓይነት ነበር። ከአንድ ዓይነት ሣጥን የወጡት ሮቦቶች ግን አንድ ዓይነት አልነበሩም። ልዩነቱን ያመጣው ሣጥኑን የከፈተው እጅ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ሁሉን ነገር ራሳችን እንሥራ ማለት ሞኝነት ነው» ይሉ ይሆናል። እኔም እንዲህ አላልሁም። ሞተሩ፥ ባትሪውና የመቆጣጠሪያ ካርዱ መገዛት አለባቸው። የመሳቢያ ሐዲዱም ቢሆን ፋብሪካ የሠራው ዕቃ ነው። ነገር ግን የሚገዛውን ከሚሠራው ለይቶ ማወቅ ራሱ አንድ ዕውቀት ነው። ሊሠራ የሚችለውን ሁሉ የሚገዛ ሰው ሲበላሽበት የሚጠግነው ያጣል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ ጊዜ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና እያለብን በሞረድና በሴጌቶ ቅዳሜን ማሳለፍ ተገቢ አይደለም የሚሉ ወላጆች አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ የእኔም ወላጆች ይህንኑ ብለውኛል። ለዚህ የምሰጠው መልስ ሥራው ከ9ኛ ክፍል ይጀመር የሚል ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጊዜ አለው፤ የጎደለው የሚነካው ዕቃ ነው።

ካልተነገሩት ተቃውሞዎች አንዱን ግን እኔው ልናገረው። አንዳንድ ወላጅ በልቡ «ልጄን ትምህርት ቤት የላክሁት ብረት እንዲሞርድ አይደለም» ይላል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በእጁ ሥራ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ ከአፋችን እየጠፋ ቢሄድም ከልባችን ፈጽሞ አልወጣም። ነገር ግን ሁለት ሐዲድ እኩል ርቀት እንዲኖራቸው እንጨት በልክ ቆርጦ ማስገባትን ያሳየን መጽሐፍ አይደለም፤ የቤት ዕቃ የሚሠራ አንድ አናጢ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያስተማረን ነገር ሳምንት የሚፈጅብንን ድካም አስቀርቶልናል። እንዲህ ያለ ሰው በወላጆቻችን መካከል ሞልቷል፤ ወደ ክበባችን ግን አንድ ቀን እንኳ ተጠርቶ አያውቅም።

ስለዚህ ለወላጆች ኮሚቴና ለመምህራኖቻችን የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

በተዋጣው ገንዘብ አስቀድሞ ጠንካራ ሞርሳ፥ ትራፓኖ፥ ሴጌቶና ሞረዶች፥ አንድ ካሊብሮና ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የዓይን መከላከያ መነጽር ይገዛ። ሐዲድ ጣት ይቆነጥጣል፤ የተቆረጠ አሉሚኒየምም እጅ ይቆርጣልና ጥንቃቄው ከሥራው መቅደም አለበት።

ወደ ክበቡ የሚገቡ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሴቶችም ወንዶችም አራት አራት እየሆኑ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አንዳንድ ተንሸራታች ይሥሩ። የነከሰው፥ የተሰበረውና የተወላገደው ሁሉ ልኩ ተጽፎ በአንድ መዝገብ ይቀመጥ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አይገኝም።

በእንጨት፥ በአሉሚኒየምና በጋራዥ ሥራ ላይ ያሉ ወላጆች በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ቅዳሜ መጥተው እንዲያሳዩን ይጋበዙ።

በመጨረሻም ቁም ሣጥኑ ይከፈት። የተገዛው ማንሻ አይጣል፤ ከእኛ ሥራ አጠገብ ይቀመጥና መለኪያችን ይሁን። የእኛ ስንት ኪሎ አነሣ፥ የእርሱስ? የእኛ ጫፉ ስንት ሚሊ ሜትር ተወላገደ፥ የእርሱስ? ብለን እንድንጠይቅ ይርዳን። ቢሰበርም የሚጠግነው ሰው በመካከላችን ይኖራል።

አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። ተውሰን የምናጌጥበት ነገር ለአንድ የበዓል ቀን ያምር ይሆናል፤ በማግሥቱ ግን ለባለቤቱ ይመለሳል። ከመሳቢያ ሐዲድና ከሽንኩርት መክተፊያ የተሠራው ማንሻችን አያምርም። ነገር ግን የትኛው ብሎን ለምን እንደ ታሰረ፥ ሲነክስም የት ላይ እንደሚነክስ የምናውቀው ስድስት ተማሪዎች አለን። በሚመጣው ዓመት ይህ ቁጥር ስልሳ ሊሆን ይችላል። ውሳኔው የእናንተ ነው፤ የ9ኛ ክፍል ልጆችም ከቁም ሣጥኑ ፊት ቆመው እየጠበቁ ናቸው።